ዱላ የመታው የቪትዝ ስክሪን

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ መኪናዬ የ2011 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ናት። መሪዋ ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ባለፈው ከቡሬ ስመለስ አጎቴን ከኋላ አስቀምጬ ነበር። ዱላቸውን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል አጋድመውታል። አህያ ገብታብኝ ፍሬን ስይዝ ዱላው ተስፈንጥሮ ስክሪኑን መታው። መስታወቱ ተሰነጠቀ። አሁን ስነካው አይሰማም፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይጫናል። በቀኝ ጥግ በኩል የቀለም ጠብታ የመሰለ ጥቁር ነገር አለ። መጀመሪያ ጥፍር ታክል ነበር፣ አሁን ሁለት ጣት ሆናለች። የኋላ ካሜራው ምስል በቀረው በኩል ይታያል። ባሕር ዳር የጠየቅኩት ሰው ሙሉውን ካልቀየርክ አይሆንም አለኝ። እዚህ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ደግሞ መስታወቱን ብቻ እቀይርልሃለሁ ይላል። ካቻቪቴ መያዝ አይቸግረኝም። ራሴ ብቀይረውስ? ስፈታው መኪናው አልነሳም ቢለኝስ? ኪሎ ሜትሩስ አይጠፋም?»

ከመጨረሻው ልነሳ፤ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው እሱ ነውና። መኪናህ ይነሳል። አንተ ስክሪን የምትለው መሀል ላይ ያለው የሬዲዮና የናቪጌሽን ሳጥን ነው። ሞተሩ ስለ እሱ መኖር አለመኖር ጉዳዩም አይደለም። ሳጥኑን አውጥተህ፣ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ እያየህ፣ ከፍኖተ ሰላም ደጀን ድረስ መንዳት ትችላለህ። ኪሎ ሜትሩም እዚያ ውስጥ የለም። እሱ የሚቀመጠው ከመሪው ጀርባ፣ ፍጥነትና ነዳጅ የሚታይበት ሳጥን ውስጥ ነው።

እግረ መንገዴን ስለዚያኛው ሳጥን አንድ ነገር ልበል፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የፍጥነት ማሳያው ቢበላሽብህ ያገለገለ ሙሉ ሳጥን ገዝተህ አትተካ። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተጽፏል። የሌላ መኪና ሳጥን ስታስገባ የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ይዘህ ትገባለህ። ነገ ልትሸጥ ስትል ገዢው «ይቺን ኪሎ ሜትር አጥፍተዋታል» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? በዚያ ሳጥን ላይ ደንቡ አንድ ነው፦ ቦርዱ ያንተው ይቆይ፣ የተበላሸው ማሳያ ብቻ ይለወጥ ወይም ይጠገን። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠሩት፣ መሀል ላይ የሚበራ ዲጂታል ቁጥር የነበራቸው፣ ቁጥሩ እየደበዘዘ ወይም እየጠፋ እየመጣ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሳያው አይደለም። ቦርዱ ላይ የብየዳ ነጥቦች ይሰነጠቃሉ። እጁ የተፍታታ ሰው በሙቅ ብረት ደግሞ ሲበይዳቸው ይመለሳል። ለእሱ ስክሪን የገዛ ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ በትኗል።

አሁን ወደ ተሰበረው። ስክሪን አንድ መስታወት ብቻ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ነገር ተደራርቦበታል። ከላይ ጣትህን የሚቀበለው ተች አለ። ከሥሩ ምስሉን የሚሠራው ኤልሲዲ፣ ማለትም በሁለት ስስ መስታወቶች መሀል የታሸገ ፈሳሽ ነው፤ ፓነል የምንለውም እሱን ነው። ከዚያ ኋላ መብራቱ። ሦስቱም በየራሳቸው ይሞታሉ፣ የየራሳቸውን ምልክትም ይሰጣሉ። ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ ጣት የማይሰማ ወይም ራሱን በራሱ የሚጫን ከሆነ ተቹ ነው። ጥቁር እድፍ ታይቶ እየሰፋ ከሄደ የኤልሲዲው መስታወት ተሰንጥቋል፣ ፈሳሹም ቦታውን እየለቀቀ ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ የእጅ ባትሪ አስጠግተህ ስታበራበት ምስሉ በስሱ ከታየ መብራቱ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፓነሉ የሚወጣው ስስ ፍላት ኬብል ወይም የተጣበቀበት ጠርዝ ነው። ድምፅም ምስልም ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ምንም ሳትፈታ ፊውዝ እይ። በሞተ ፊውዝ ምክንያት ስክሪን ሊገዙ የተነሱ ሰዎችን ስንቴ ከመንገድ መልሻለሁ።

ያንተ መኪና ሁለቱ አንድ ላይ ደርሰውባታል። ተቹም ተሰብሯል፣ ኤልሲዲውም እየፈሰሰ ነው። የምትሰፋዋ ጥቁር ነጥብ አትቆምም፣ አትመለስምም። ሞባይል ጠጋኙ አላታለለህም፤ ግን ያየው የችግሩን ግማሽ ነው። መስታወቱን ብቻ ቢቀይርልህ አዲስ መስታወት ከላይ፣ የሚሰፋ ጥቁር ከሥር ይዘህ ትመለሳለህ።

ነጥቧ ባትኖር ኖሮ ግን እሱ ያለው ትክክል ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የወጡ የጃፓን ናቪጌሽኖች አብዛኞቹ ተቻቸው ግፊት የሚሰማ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ በጥፍር ወይም በእስክሪብቶ ክዳን ስትጫነው የሚታዘዝ ከሆነ የግፊት ነው። እንደ ስማርት ስልክ የጣት ቆዳ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው። የግፊቱ ተች ከኤልሲዲው ጋር ዙሪያውን ብቻ በሁለት በኩል በሚለጥፍ ቴፕ ነው የተያዘው። መሀሉ አየር ነው። ቀስ ብሎ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ መላጥ፣ አቧራ የሌለበት ቤት ውስጥ አዲሱን መለጠፍ፣ አራት ገመድ ያላትን ስስ ኬብል መሰካት። አለቀ። በአዳዲሶቹ መኪኖች ግን መስታወቱና ኤልሲዲው ሙሉ በሙሉ በሙጫ ተጣብቀው አንድ አካል ሆነዋል። እነሱን ቤት ውስጥ እለያለሁ ማለት እንቁላልን ሳይሰብሩ አስኳሉን ለማውጣት መሞከር ነው። ሙሉ ፓነል ይለወጣል እንጂ አይላጥም።

«እሺ፣ ኤልሲዲውንና ተቹን አንድ ላይ ገዝቼ ብቀይርስ?» ትለኝ ይሆናል። ይቻላል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ነገር ግን «7 ኢንች ስክሪን» ብለህ ብታዝ ትከስራለህ። ሁለት 7 ኢንች ፓነሎች በመጠን እኩል ሆነው በኬብል ቀዳዳ ብዛት፣ በቮልቴጅና በሶኬት አቀማመጥ ሊለያዩ ይችላሉ። የሚታዘዘው በኢንች አይደለም፣ ከፓነሉ ጀርባ በተለጠፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለማየት ደግሞ ሳጥኑን አስቀድመህ መፍታት አለብህ። ስትፈታ ፍላት ኬብሎቹን አትጎትት። እያንዳንዱ ሶኬት ላይ ጥፍር የምታክል ቡናማ ወይም ጥቁር ክዳን አለች፤ እሷን ቀና አድርገህ ነው ኬብሉ የሚወጣው። እሷ ከተሰበረች ቦርዱ ራሱ ሄደ። የቆየ ሳጥን ከሆነ የኋላ መብራቱ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ሊሆን ይችላል። እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚበላው፣ ውስጡም ሜርኩሪ አለ። ኃይል እያለው እጅህን እንዳታስገባ። ከኤልሲዲው የሚወጣው ፈሳሽ እጅህን ከነካ በሳሙና ታጠብ፣ ዓይንህን አትሽ።

አሁን ግን ሁሉም ሰው የሚዘለውን ጥያቄ ልጠይቅህ። ከዚያ ስክሪን ኋላ ያለው ሳጥን ይህን ሁሉ ድካም ይገባዋል ወይ?

ቪትዝህ ከጃፓን ነው የመጣችው። ስትነሳ በጃፓንኛ ሰላምታ ትሰጥህ የለ? ካርታው የቶኪዮን መንገድ እንጂ የደምበጫን አያውቅም። የጃፓን መኪና ሬዲዮ በዚያ ዘመን የተሠራው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ እንዲይዝ ነው። የእኛ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ባሕር ዳር ስትገባ 96.9ን ልትሰማ ብትፈልግ ያ ሬዲዮ ጆሮ የለውም። አንዳንድ ባለመኪና አንቴናው ላይ ሞገድ የምታወርድ ትንሽ ሳጥን አስገጥሞ ያልፈዋል፤ ድምፁ ግን ሲንኮሻኮሽ ነው የሚኖረው።

ሌላም አለ። እነዚህ የቶዮታ ናቪጌሽኖች አንዳንዶቹ የሌባ መከላከያ አላቸው። ባትሪ ሲነቀል ወይም የካርታው ካርድ ሲወጣ ይቆለፉና ኮድ ይጠይቃሉ፣ ያውም በጃፓንኛ። ኮዱን የሚያውቀው የድሮው ባለቤት ነበር፤ እሱ አሁን ኦሳካ ውስጥ ሻዩን እየጠጣ ነው። ፓነሉን ለመቀየር ባትሪ መንቀልህ አይቀርም። አዲስ ስክሪን ገጥመህ ስታበራው ኮድ አምጣ የሚል ጥቁር ገጽ ሊቀበልህ ይችላል።

ያገለገለ ሙሉ ሳጥን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስመጣት የሚለው ሐሳብም እዚሁ ላይ ነው የሚሰነካከለው። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሳጥን ያው የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ግድ ከገዛህም ሻጩ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ሰክቶ አብርቶ፣ ተቹን በአራቱም ጥግ ነክቶ ካላሳየህ ብር አታውጣ። «ፍኖተ ሰላም ወስደህ ሞክረውና ካልሠራ መልሰው» የሚል ነጋዴ ስልኩን የሚያነሳልህ እስከ ደጀን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ ፓነሉን አትቀይር፣ መስታወቱንም አታስቀይር። ሙሉ ሳጥኑን አውጣውና በቦታው አንድሮይድ የሚባለውን አዲስ ስክሪን ግጠም። ባሕር ዳር ያነጋገርከው ሰው «ሙሉውን» ሲል ይህን ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። የዚያኑ የጃፓኑን ሳጥን ከሆነ ግን አትስማው። ሥራውንም ራስህ መሥራት ትችላለህ። ካቻቪቴ ለለመደ እጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስትገዛ ሦስት ነገር እይ። አንደኛው ስፋቱ ነው። የቶዮታ ቀዳዳ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። የተለመደው ሁለት ዲን የሚባለው ሳጥን ግን ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። የቶዮታውን ስፋት ወይም ክፍተቱን የሚሞሉ ሁለት የጎን ፕላስቲኮች ያሉትን ምረጥ። ሁለተኛው ሶኬት ነው። ቶዮታ ለብዙ ዓመት የተጠቀመባቸው ባለ 10 እና ባለ 6 ቀዳዳ ሶኬቶች አሉ። ለእነሱ የተሠራ ማገናኛ ኬብል ከስክሪኑ ጋር ይምጣ። እሱ ካለ አንድም የመኪና ሽቦ አትቆርጥም። ሽቦ እቆርጣለሁ ያለህን ሰው መኪናህን አታስነካ። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚቃጠልበት ካሜራው ነው። ብዙዎቹ የቶዮታ ኦሪጅናል ካሜራዎች በ6 ቮልት ነው የሚሠሩት። አንድሮይድ ስክሪኑ 12 ቮልት ይልካል። በቀጥታ ስትሰካው አንዴ ብልጭ ይልና ደህና ሁን ይልሃል። ለቶዮታ ካሜራ ተብሎ የተሠራውን ቮልት የሚያወርድ ኬብል ግዛ፣ ወይም ከስክሪኑ ጋር የሚመጣውን ካሜራ ከኋላ ግጠም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የማደርገው፤ ርካሽ ነው፣ አያከራክርም።

ሥራውን ረፋድ ላይ ጀምር፣ መኪናዋ ፀሐይ ላይ ከቆየች በኋላ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ በብርዱ ጠዋት የዳሽቦርድ ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ዳቦ ነው የሚሰበረው። ሲሞቅ መንጠቆዎቹ ይለሰልሳሉ። ማላቀቂያህ የፕላስቲክ ይሁን። ከሌለ የካቻቪቴህን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው።

ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ከዚያ ጠብቅ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ ነው። እኔ ቡና እጠጣለሁ። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፣ እንዳትነካው። ሌላም ስህተት አለ፤ ከራሴ ተማር። አንድ ጊዜ የመሀሉ ሽፋን ተፈትቶ፣ የኤርባግ መብራቷና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ቁልፉ ሶኬት ተነቅሎ ሳለ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብዬ ቁልፍ አዞርኩ። የኤርባጉ ኮምፒውተር አንድ ነገር እንደጎደለ መዘገበና መብራቱን አበራ። መልሼ ብሰካውም አልጠፋ አለ። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ በመመርመሪያ ማሽን ነው ያስጠፋሁት፣ ለአንዲት ቁልፍ ማዞር። ሁሉም ሶኬት ሳይመለስ ባትሪም አትስካ፣ ቁልፍም አታዙር።

ከሽፋኑ ኋላ ሳጥኑ በአብዛኛው በአራት ብሎን ነው የተያዘው፣ ቁልፍ 10 ይፈታቸዋል። ግን ያንተ መኪና መሪዋ የዞረ ነው። እዚህ ላይ ቪዲዮ ላይ ያየኸውን ሁሉ በግማሹ እመን። መሪ ሲያዞሩ ዳሽቦርዱ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ብሎን በሌለበት ብሎን ይኖራል፣ ሽቦም ተቀጣጥሎ ይረዝማል፣ አንዳንዴም በሌላ ቀለም። የሚታይ ብሎን ሁሉ ወጥቶ ሽፋኑ አሁንም እምቢ ካለ አታስገድደው፤ የተደበቀ ብሎን አለ ማለት ነው። በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሳ። የሽቦ ቀለም አትመን፣ በቴስተር ለካ።

ሽቦዎቹ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። የአንድሮይዱ ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ጋር ይገናኛል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ጋር፣ ጥቁሩ ከመሬት፣ ማለትም ከመኪናው ብረት አካል ጋር። ቢጫና ቀይ ከተቀያየሩ ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል። ሁለቱም ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ጋር ከተገናኙ ደግሞ ስክሪኑ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድርና ጠዋት ባትሪዋ አልቆ መኪናህ አልነሳም ትልሃለች። ለአንቴናው ኃይል የሚሰጠውን ሰማያዊ ሽቦ አትርሳ፤ እሱ ካልተገናኘ አንቴናው ማጉያ ያለው ከሆነ ሬዲዮው የሰውየውን ድምፅ ከሩቅ ተራራ እንደሚጣራ ሰው ነው የሚያሰማህ። የኋላ ማርሽ ሽቦው ስክሪኑ ወደ ካሜራ እንዲዞር የሚነግረው ነው። ሁሉም ተሰክቶ፣ ባትሪው ተመልሶ፣ ሬዲዮው፣ ካሜራውና ድምፅ ማጉያው በአራቱም በር መሥራቱን ሳታይ ሽፋኑን አትዝጋ።

አንዲት ሽቦ ደግሞ የእጅ ፍሬን የሚል ተጽፎባት ታገኛለህ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቪዲዮ እንዳይታይ የምትከለክል ናት። ጠጋኞች ከመሬት ጋር አጣብቀው ያታልሏታል፣ «ተሳፋሪ ክሊፕ ይይ» ብለው። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ጎኑ ላይ እስክስታ እየተመታ መንዳቱ ለእኔ አይዋጥልኝም። በትክክለኛው ቦታዋ ላይ አገናኛት።

ይህን አንብቦ «እኔም ልሞክር» ለሚል የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ግን መልሴ አይሆንም ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በእኛም መንገድ እየበዙ ነው። በእነሱ ላይ መሀል ያለው ትልቅ ስክሪን ሬዲዮ ብቻ አይደለም። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያው፣ የመኪናው ቅንብር ብዙው በእሱ ነው የሚታዘዘው። ሳጥኑ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሶፍትዌር የተዋወቀ ሊሆን ስለሚችል ከሌላ መኪና የመጣው ተገጥሞም ላይሠራ ይችላል። አንድሮይድ ሳጥን በቦታው መሰካት የሚባል ነገር እዚያ የለም። ዋስትና ካለው ወደ አስመጪው ይሂድ። ከሌለው ደግሞ ሶፍትዌሩን መክፈት የሚችል ሰው ይፈልግ።

አዲሱ ስክሪን እስኪመጣ ድረስ ያንተ አሮጌው ራሱን እየተጫነ፣ ሌሊት ላይ ድምፁን በድንገት እየከፈተ ያስደነግጥሃል። የሬዲዮውን ፊውዝ ነቅለህ ኪስህ አስቀምጥ። የየትኛው እንደሆነ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። ከእሱ ጋር ሰዓቱ ወይም የጎን መስታወቱ መቆጣጠሪያ አብሮ ከጠፋ አትደንግጥ፣ አንድ ፊውዝ ተጋርተው ነው። ካሜራውም ይጠፋልና ወደ ኋላ ስትነዳ እንደ ድሮው አንገትህን አዙር። ስንጥቁ ላይ ሰፋ ያለ ግልጽ ፕላስተር ለጥፍበት፤ ስብርባሪው የልጅ ጣት ውስጥ እንዳይገባ። የአጎትህን ዱላ ደግሞ ከኋላ፣ እግራቸው ሥር፣ በአግድም ወለሉ ላይ አስተኛው።